ባለ መቶ ሃያ ደቂቃው ካሴት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሐያት፣ ኦስሎ ብሪን ሰፈር ባለው ሱቄ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ለኤክሳመኗ ስታጠና፣ ቀና ሳትል «አባዬ፣ ሰማይ ከብርሃን ፈጥኖ እንደሚሰፋ ታውቃለህ?» አለችኝ። ውጭ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። እንዲህ ባለ ቀን ደንበኛ የሚገባው ለመግዛት ሳይሆን እግሩን ለማድረቅ ነው።

«ከብርሃን የሚቀድም የለም ተብሎ አልነበር?» አልኳት እንዳላዋቂ።

«የለም። የሚሮጥ ነገር አይደለም እኮ፣ በመሃል ያለው ቦታ ነው የሚሰፋው። እንዴት ብዬ ላስረዳህ...»

ከመደርደሪያው የወገብ ላስቲክ ጥቅል አወረድኩ። በእስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ አደረግኩበትና አንዱን ጫፍ አስያዝኳት። ሳብን። ጎን ለጎን ያሉት ነጥቦች ጥቂት ተራራቁ፤ ዳርና ዳር ያሉት ብዙ። አንዱም ነጥብ ከቦታው አልተነሳም።

ሐያት መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ከስምንተኛ ክፍል እንዳልዘለልኩ ታውቃለች። «ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ጋሽ ሙሄ» አልኩ። ስሙን ካነሳሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኦስሎ ሁለተኛውን የበረዶ ወራት መያዜ ነው፤ ክረምት ይሉታል እንጂ እኛ የምናውቀው ክረምት ቢያንስ አተር ያበቅላል። ሊንደበርግ የሚባል ሰፈር ከጋሽ ሙሄ ጋር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር። ደሴ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ፣ እዚህ ቢሮ የሚያጸዳ፣ በአሥር ዓመት የሚበልጠኝ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ በየሰፈሩ ጠረጴዛ ዘርግቼ ካልሲ፣ ላስቲክና ካሴት እሸጥ ነበር።

ላስቲክ መሸጥ የለመድኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። አለካኩ ቀላል ነው፤ ስበህ ትለካለህ። አሥር ክንድ የገዛች ሴት ቤቷ ስትገባ ስምንት ይሆንባታል። ሁለቱን ክንድ ማን ወሰደው? ማንም። እኔ ሸጥኩ፣ እሷ ገዛች፣ ላስቲኩ ወደ ልቡ ተመለሰ።

ጋሽ ሙሄ ሚስቱን ዘይነብን ደሴ ትቶ ነው የመጣው። እሷን ለማምጣት ያስገባው ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ተመልሶበት ሦስተኛውን ይጠብቅ ነበር። የሚነጋገሩት በካሴት ነው። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ባዶ ካሴት ይልክላታል፤ እሷም ሞልታ በሚመጣ ሰው ትመልሳለች። ባዶውን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ ባለ መቶ ሃያ ደቂቃ። ሸማች የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ፦ በአንድ ካሴት ያን ያህል ደቂቃ የሚገባው ክሩ ስለሳሳ ነው፤ የሳሳ ክር ደግሞ ቶሎ ይለጠጣል። አልሸጥ ያለኝ ዕቃ ስለነበር «ብዙ እንድታወራህ ብዬ ነው» አልኩት። አመሰገነኝ።

ከሥራ በፊት ይሰማታል፤ ከሥራ ሲመለስ፣ ማኬሬል በሚሉት የቆርቆሮ ዓሣ ላይ ሚጥሚጣ ነስንሰን በዳቦ ስንበላ፣ እንደገና ይሰማታል። እየመለሰ፣ እያስደገመ። ጥር ገደማ የዘይነብ ድምፅ መጎተት ጀመረ። ወፈረ፤ የወንድ መሰለ።

«ጉንፋን ይዟት ይሆን?» አልኩ፣ ምክንያቱን እያወቅኩ።

«ክሩ ተለጥጦ ነው» አለ። «ከሩቅ የሚመጣ የኮከብ ብርሃንም እንዲህ ነው። መንገዱ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጥና ቀልቶ ይደርሳል።» ከዚያ ከዕቃዬ ላይ ላስቲክ አነሳ፣ ነጥቦቹን አስቀመጠ፣ አንዱን ጫፍ አስይዞኝ ሳብን። «ከነጥቦቹ የሄደ አለ?»

«የለም።»

«ርቀቱስ?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኔ ስርቆት ነው።»

ሳቀ። በዚያ ወር ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «መሃሉ በጣም ከረዘመ፣ በየሰኮንዱ የሚጨመረው መንገድ ብርሃን በሰኮንድ ከሚሄደው ይበልጣል። ብርሃኑ ወደ አንተ እየገሰገሰ ይርቅሃል። ሕግ የጣሰ የለም።»

«ታዲያ ማን ይከሰስ?»

«አንተን እንክሰስሃ፣ ነጋዴው።»

ቀልዱን ነው። እኔ ግን የቀረውን ማኬሬል ወደሱ ገፋሁለት።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሦስተኛው ማመልከቻም ተመለሰ። ጋሽ ሙሄ ይግባኝ አለና «ትንሽ ጠብቂኝ» ብሎ ካሴት ቀድቶ ለመንገደኛ ሰጠ። በአራተኛው ቀን ከደሴ የመጣች ሴት የዘይነብን ካሴት አመጣችልን፤ የሱ ካሴት ከዚህ ከመነሳቱ በፊት የተቀዳ።

ጠረጴዛው ላይ አድርገን ሰማን። ዘይነብ ስለ ቤቱ ትናገራለች። «ከበሩ ስትገባ በስተግራ ያለው ክፍል አለ አይደል፣ ወደ ጓሮ የሚያወጣው፣ እሱን አከራየሁት።» ያንን ክፍል ጋሽ ሙሄ በገዛ እጁ ነው የለሰነው። ካሴቱን አቆመው።

«ቤቴን እንደ እንግዳ እያሳየችኝ ነው» አለ።

መልሶ ከፈተው። «ጥለኸኝ አልሄድክም፣ እኔም አልከዳሁህም» አለች። «አንተም ባለህበት ነህ፣ እኔም ባለሁበት ነኝ። ግን ራቅን። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሙሄ፣ ፍታኝ።»

ነጋዴ ነኝና የዘገየ ነገር ሁሉ ፈጣን ማጓጓዣ ቢያገኝ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። «ደውልላት» አልኩት። «ደሴ ቴሌ በመልእክተኛ አስጠራትና ይግባኙን ንገራት። ስልክ ከብርሃን እኩል ነው ትለኝ የለ?»

«ድምፄ ይደርሳል። እኔ አልደርስም» አለ። «የጎደለኝ ፍጥነት አይደለም።»

በሁለተኛው ቀን ደወለ። የደወለው ሊፈታት ነው። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጥርት ብሎ ይሰማል። ጎረቤት ያለች ነው የምትመስለው» አለ። ወደ ጫማው ጎንበስ ብሎ፣ «ድምጿ ቀጭን ነው ለካ። ረስቼው ነበር።»

ያኔ ነበር ስለ ካሴቱ መናገር የነበረብኝ። ሻይ ጣድኩ። «ጠብቂኝ» የሚለው ካሴት ከዚያ በኋላ በሳምንቱ እጇ ገባ አሉ።

ሐያት ላስቲኩን እንደያዘች ናት። «አሁን የት ነው ያለው?»

«ፕሪንስዳል።»

«እዚሁ ኦስሎ? ተጣልታችሁ ነው?»

አልተጣላንም። እኔ ሱቅ ከፈትኩ፣ አገባሁ፤ እሱ ሰፈር ቀየረ። መጀመሪያ ዒድን አብረን እንውል ነበር፣ ቀጥሎ ለዒድ መደወል ሆነ፣ ቀጥሎ የስልክ መልእክት። እሱም ቀረ። ከዚህ ፕሪንስዳል በአውቶቡስ ያን ያህል አይርቅም። ማንም የትም አልሄደም።

«ደውልለት በቃ» አለች። «ስልኩ እጅህ ላይ ነው።»

እውነት እጄ ላይ ነበር። ደውዬ ምን ልለው ነው? የሚስትህን ድምፅ ያስረሳሁህ እኔ ነኝ፣ አልሸጥ ያለኝን ዕቃ አራግፌብህ ነው?

እግሯ የረጠበ ሴትዮ ገብታ ሁለት ሜትር የወገብ ላስቲክ ጠየቀችኝ። ስልኩን አስቀመጥኩ። ላስቲኩን ባንኮኒው ላይ አጋድሜ፣ ሳልስብ ለካሁላት።

«ትንሽ ጨምርበት እንጂ፣ ጋሼ፣ አጠረ» አለች።

ጨመርኩላት። ፕሪንስዳል ግን እስካሁን አልደወልኩም።