ክትሩን የሚነካ ጠፋ

ነገሩ የጀመረው በ1961 ዓ.ም. ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ እሑድ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ትዝ ባለኝ ቁጥር ያበሳጨኛል። የሚያበሳጨኝ ደግሞ የለመንኳቸው ሰዎች እምቢ ስላሉኝ አይደለም። ሁሉም እሺ ስላሉኝ ነው።

በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ የምማረውም ባዮሎጂ ነው። ለክረምት ዕረፍት ዳንግላ አጠገብ ወዳለው መንደራችን መጥቻለሁ። ያን ዕለት ቅዳሴ እንደወጣ እናቴን አስቀድሜ ብቻዬን በወፍጮው በኩል ዞርኩ።

አባቴ በመንደራችን ወንዝ ላይ የውኃ ወፍጮ ነበራቸው። ውኃውን ወደ ወፍጮው የሚመልሰው ክትር በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። በበጋ ውኃው እየመነመነ ስላስቸገራቸው፣ በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ክትሩን ከሰው ወገብ በላይ ከፍ አድርገውት ነበር።

ስጠጋ ከክትሩ ሥር ያለው ውኃ ይንቦጫረቃል። ከብት የገባበት መስሎኝ ነበር። ዓሣ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ፣ ጀርባው ከውኃው በላይ ይታያል። ክትሩን ሊዘል ይነሣና ድንጋዩን በሆዱ መትቶ ይወድቃል። እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ይወድቃል። የብዙዎቹ ሆድ በዕንቁላል ተወጥሯል።

እነዚህ ዓሣዎች ኑሯቸው ጣና ነው። ክረምት ሲገባ በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከዚያ ወደ ቅልቲ፣ ከቅልቲ ደግሞ እንደኛዋ ወዳሉ ትንንሽ ወንዞች ይገባሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ በነሐሴ ወንዛችን በዓሣ ይሞላ ነበር። በኋላ የዳርቻው ዛፍ ተቆርጦ እስከ ውኃው ጫፍ ታረሰ። ጎርፉ አፈሩን እያመጣ ከክትሩ በታች ያለውን ጠጠር በሙሉ በደለል ቀበረው። ንጹሕ ጠጠር የቀረው ከክትሩ በላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ባለበት በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚያ ዓሣዎች ወይ ክትሩን ማለፍ አለባቸው፣ ወይ የወጡበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሌላም ጣጣ ነበር። በማግስቱ ሚካኤል ነው፤ የሚካኤልን ማኅበር የማብላት ተራው ደግሞ የአባቴ ነበር። ወሩ ፍልሰታ ስለሆነ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። በኛ መንደር በጾም የደጋሽ ክብር ዓሣ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ፈንታ ብርብራውን ዓርብ ዕለት ወቅጠው አዘጋጅተዋል። የብርብራ ፍሬ ዱቄት ውኃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣው ትልቁም ትንሹም ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ከዚያ መልቀም ብቻ ነው።

እየሮጥኩ ቤት ስደርስ አባቴ፣ የንስሐ አባታችንና ጋሽ ፈንታ ደጁ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ ላብ ያሰምጠኛል። ግን ጊዜ አልነበረኝም።

«አባዬ፣ ክትሩን ትንሽ ቢከፍቱት ዓሣው ያልፍ ነበር» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ የንስሐ አባታችን።

«ዓሣው ይለፍ ነው የምትል» አሉ ጋሽ ፈንታ። «ጥሩዬ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ዓሣ ነው እንዴ? እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንበላው ማን ዲግሪ ሰጠን!»

ሳቁብኝ። አባቴ ግን አልሳቁም። «ተዉ፣ ልጄ የተማረችውን ስሙ» ብለው እንድናገር በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተናገርኩ። ዓሣው ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ ዘንድሮ ዕንቁላሉን ካልጣለ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚመጣ እንደማይኖር ነገርኳቸው። በአማርኛ ያልገባቸው እንደሆነ ብዬ በአገውኛ ደገምኩት።

«እኛ የምናውቀው ዓሣ ከዝናብ ጋር እንደሚወርድ ነው» አሉ የንስሐ አባታችን። «ደመናው ከጣና ውኃ ሲቀዳ ዓሣውንም አብሮ ይቀዳዋል። እግዜር ያዘንባል፣ ሰው ይለቅማል። እንዴት ያልቃል?»

«ታዲያ አባ፣ ዝናቡ እንደ ድሮው እየዘነበ ዓሣው ለምን አነሰ?»

ጋሽ ፈንታ ጺማቸውን አከኩ።

«ልክ ናት» አሉ የንስሐ አባታችን።

«ልክ ናት» አሉ ጋሽ ፈንታም።

በሁለት ቋንቋ ልክ ሆንኩ። ደስ አለኝ። «እንግዲያው ክትሩ ይከፈት» አልኩ።

«ይከፈታል እንጂ!» አሉ አባቴ።

«አሁን?»

«ዛሬማ ሰንበት ነው፣ ልጄ። ድንጋይ ማንሣት ሥራ ነው።»

«ነገስ?»

«ነገ ሚካኤል።»

«ማክሰኞ?»

«ቡሄ ነዋ!» አሉ ጋሽ ፈንታ፤ የበዓሉን ቀን የረሳሁት መስሏቸው አዘኑልኝ።

«ረቡዕ በጧት እከፍተዋለሁ» አሉ አባቴ። ነገሩ ያለቀ ያህል ሦስቱም ተነፈሱ።

«ብርብራውስ መቼ ነው የሚነሰነሰው?»

«ነገ ጧት፣ ቅዳሴ ሳይገባ» አሉ ጋሽ ፈንታ።

«እሱስ ሥራ አይደለም?»

«የተወቀጠው ዓርብ ነው! ዱቄት መነስነስ ምኑ ሥራ ነው?»

ወደ ንስሐ አባታችን ዞርኩ። ጥቂት አሰቡና፣ «መነስነስ እንኳ ሥራ አይባልም» ብለው ፈረዱ።

«አባዬ፣ ነገ ሁሉም ከተለቀመ ረቡዕ ክትሩ ሲከፈት ምኑ ነው የሚያልፈው?»

አባቴ አዩኝ። «ልክ ነሽ» አሉ።

ለማኅበሩ የሚበቃው ብቻ በቅርጫት ይያዝ፣ የቀረው ይለፍ አልኳቸው። እሱም ልክ ነው ተባልኩ። ግን ጋሽ ፈንታ ብርብራውን ወቅጠው ጨርሰዋል፤ እንዴት ይቀየሙ? ማድቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ልክ ነሽ» አለችኝና ለዓሣው ወጥ የሚሆነውን በርበሬ እንዳቀብላት ጠየቀችኝ። እምቢ የሚል አንድ ሰው ባገኝ ተከራክሬ ይወጣልኝ ነበር። እሺ ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይጣሉታል?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከጓሮ መቆፈሪያ ይዤ ወረድኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዓሣዎቹ እግሬን እየመቱ ያልፋሉ። ጭቃውን ፈነቀልኩ፤ ድንጋዩ ግን ንቅንቅ አልል አለኝ።

ድምፅ ሰማሁ። አባቴ፣ የንስሐ አባታችንና ብርብራውን በስልቻ የተሸከሙት ጋሽ ፈንታ ዳገቱን እየወረዱ ነው። ቀሚሴ እስከ ጭኔ ርሶ ሽማግሌ ፊት መቆም! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀና ሳልል መቆፈሪያውን ገፋሁ።

«በሚካኤል!» አሉ ጋሽ ፈንታ። «ኧረ ይህ ኃጢአት በማን ሊጻፍ ነው?»

አባቴ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «በኔ ይጻፍ» አሉ። «ክትሩም የኔ፣ ልጅቱም የኔ። አንተ ስልቻህን አስቀምጥ። ማኅበርተኛው ሽሮ ይብላ።»

አሁን ገብተው ያግዙኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ያቺን ድንጋይ ተያት፣ ከበታቿ ያለችው ይዛታለች» አሉ አባቴ ከዳር ሆነው። «ጥቁሯን አስቀድሚ።»

«ጎንበስ በይ እንጂ፣ ልጄ» አሉ የንስሐ አባታችን።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ፈንታ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ሦስቱም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ተደርድረው ቆመዋል። ድንጋይ ማንሣት ሥራ ነው፤ ማሳየት ግን ሥራ አይባልም። አንዳቸውም ጣታቸውን እንኳ ውኃ አላስነኩም። በንዴት ጥርሴን ነክሼ መቆፈሪያውን ጥቁሯ ሥር አስገባሁና በሙሉ ኃይሌ ተጫንኩት።

ድንጋዩ ተገለበጠ። ውኃው እያጓራ ወጣና ሊጥለኝ ምንም አልቀረውም። አንድ ትልቅ ዓሣ ቅልጥሜን ታክኮ በክፍተቱ ሽቅብ ተወረወረ።

«አለፈ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ፈንታ፣ እሳቸው ያሳለፉት ይመስል።

«ቀጥሎ ከጎኗ ያለችውን» አሉ አባቴ።

መልስ አልሰጠኋቸውም። ዕንባዬን በክንዴ ጠርጌ ከጎኗ ወዳለችው ጎንበስ አልኩ።