ጋሽ ገድሉ ለጥንቸል የሠሩት ቤት

ጋሽ ገድሉ አከራዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጣና ዳር ደንገል እያጨዱና እያደረቁ ታንኳ ሲሠሩ ኖረዋል። ዛሬ ዓሣ አጥማጁም ሰው አመላላሹም የእንጨትና የብረት ጀልባ ይዟል። የመጨረሻዋ ታንኳቸው ገዢ አጥታ አጥር ተደግፋ ከቆመች ዓመት አልፏታል። እሳቸውም በየጧቱ አቧራዋን ያራግፉና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ “እስቲ ከደንገል የማይሠራ ነገር ንገረኝ!” ይላሉ። አንድ ቀን “የጥርስ ሐኪም ወንበር” ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፈውኛል።

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ዜማ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሁለት ጥንቸሎች ተሰጥተዋት መጣች። ሙልሙልና ጭኮ ብላም ስም አወጣችላቸው። የጋሽ ገድሉ ባለቤት እትዬ እናትዓለም የቄስ ልጅ ናቸውና ክው አሉ።

“በኦሪት የተከለከለ እንስሳ፣ ያውም በምግብ ስም!”

እስከ እሑድ ደህና ማደሪያ ካልተገኘላቸው ከግቢው ውልቅ እንዲሉ ወሰኑ። ቤት ፍለጋው እኔ ላይ ወደቀ። ካርቶን ውስጥ ባስገባቸው በማግሥቱ ካርቶኑ በሽንታቸው ርሶ ተዘረገፈ። ከዶሮዎቹ ጋር ባስጠጋቸው አውራው ዶሮ ጭኮን ሲያሯሩጣት ዋለ። ግቢው ውስጥ እንዳልለቃቸው ሽለምጥማጥ አለ። አናጢው ምናሴ መጥቶ አየና “ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ሣጥን፣ ፊቱ ሽቦ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፤ በቃ” አለ። ልክ ነበር። ጥፋቱ ይህን የተናገረው ጋሽ ገድሉ እየሰሙ መሆኑ ነው።

“ፍጡር በሽቦ ይታሰራል?” ብለው ተነሡ። “ደንገል በፀሐይ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ በብርድ ጊዜ ይሞቃል። እኔ እሠራዋለሁ። ይች ካቃተችኝማ እጄ ሞቷል ማለት ነው።”

ቀልዳቸውን አልነበረም። እንቢ የምልበት አንጀት አጣሁ።

እትዬ እናትዓለም ደግሞ የባላቸው እጅ እንዳይረክስ ፈርተው የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ሐዋርያትን አስጠሩ። አባም መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥንቸሎቹን አገላብጠው አዩ።

“ያመሰኳል፤ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም። ሥጋው አይበላም። ቤት መሥራት ግን ምን ኃጢአት አለው?”

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ስለ ሰኮና፣ ሌላው ስለ ማመስኳት ሲከራከር ከሰዓት በኋላው አለቀ። በመጨረሻ ሰው ጥንቸል መብላት እንደሌለበት በሙሉ ድምፅ ተስማማን። ጥንቸል ራሱ ምን እንደሚበላ ግን ከመካከላችን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ቤቱ ቅዳሜ አለቀ። አፍንጫው እንደ ታንኳ ቀና ያለ፣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት ያለው፣ በአራት ድንጋይ ላይ የተቀመጠ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ከምከራየው ይሻላል። ጋሽ ገድሉ ጥንቸሎቹን በእጃቸው አስገቡና እንደ ሙሽራ አባት በሩ ላይ ቆመው ምስጋና ተቀበሉ። ምናሴ እንኳ “እጅዎ ይባረክ” አለ።

እሑድ ጧት መስኮቱ ሰፍቶ አገኘነው። “ነፋስ ያስገባላቸዋል” አሉ ጋሽ ገድሉ። ሰኞ በሩና መስኮቱ አንድ ሆኑ። ማክሰኞ ቤት የሚባል ነገር የለም። ሙልሙልና ጭኮ ሆዳቸው ተነፍቶ በአራቱ ድንጋዮች መካከል ተቀምጠዋል፤ የመጨረሻዋ የደንገል ጫፍ ጭኮ አፍ ላይ ትንቀሳቀሳለች። ሽለምጥማጥ ያላገኛቸው በእግዜር ቸርነት ነው።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄአለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ጋሽ ገድሉ አልተቆጡም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ቤታቸው ገብተው ሦስት ቀን አልወጡም። ታንኳዋ አቧራ ለበሰች። በዚያው መሐል ምናሴ ሣጥኑን ሠራልን፤ እትዬ እናትዓለምም ለጥንቸሎቹ ምሕረት አደረጉ።

በአራተኛው ቀን ዜማ ማንንም ሳታማክር በራቸውን አንኳኳች።

“ጋሼ፣ ሌላ ይሥሩልን። ያንን ጨርሰውታል።”

“ሣጥን ተሠራላቸው አይደለም?”

“እሱንማ ይተኙበታል እንጂ አይወዱትም። አይበላማ!”

ጋሽ ገድሉ ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ።

ይኸው ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ክንድ የምታህል ታንኳ ሠርተው በሽቦው በር ያስገባሉ። ቋጠሮውን እንደ ድሮው በጉልበታቸው ተጭነው ያጠብቁታል፤ አፍንጫዋን ደጋግመው ያቃናሉ። ባለፈው ነገር ፍለጋ አማረኝና “ጋሼ፣ ለሚበሉት ነገር ይህን ያህል ምን ያስጨንቅዎታል?” አልኳቸው።

ወደ አጥሩ አዩ።

“ያችን ሠርቼ ዓመት ጠበቅሁ፤ ማንም አልነካልኝም” አሉ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ቋጠሮውን ሳቡት። “እነዚህ ግን እስከ ጧት አያቆዩልኝም።”