ከስክሪኑ የተረፈው የጋሽ ጴጥሮስ ጸሎት

የጋሽ ጴጥሮስ ጸሎት ዛሬ ከላፕቶፔ ስክሪን አልፎ ሁለተኛ መስመር ገባ!

ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ባለው ቤታችን እሁድ ከምሳ በፊት በየተራ ነው የምንጸልየው። ኮድ እየተማርኩ ስለሆነ ማን ምን ያህል እንደሚጸልይ በስልኬ ስለካ ከረምኩ። (አዎ፣ አንድ ዓይኔን ገልጬ።)

ዛሬ ለየአሥር ሰከንዱ አንድ # የሚደረድር ኮድ ጻፍኩና ተርሚናሉ (ኮዱ ውጤቱን የሚጽፍበት ጥቁር መስኮት) ላይ ቻርት ሠራሁ። የእኔ ሦስት # ብቻ ናት።

ጥብሱ ሲቀርብ የቤታችን ታላቅ ጋሽ ጴጥሮስ ለካ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ይቺ ረጅሟ የማን ናት?»

«የእርስዎ ናት፣ ጋሼ» አልኩ እየፈራሁ።

«አጭሯስ?»

«የእኔ።»

«በሉ ተነሡ፣ ለዚህች ልጅ እንጸልይላት!»

ጥብሱ ቀዘቀዘ። ሦስተኛ መስመር ገባን።

እናንተስ ቤት ምሳ የሚያቀዘቅዘው ማን ነው?