አልተኛም ያለችው ፍቅርአዲስ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ፍቅርአዲስን የማያውቅ ካለ እንጀራ የማይበላ ሰው ነው። ወፍጮ ቤቱን ከያዘች አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከወፍጮው ጩኸት በላይ ስታወራ ኖራ ድምጿን መቀነስ ረስታዋለች፤ ሐሜት ስትነግረኝ እንኳን የምትታማዋ ሴትዮ ቀበና ሆና ትሰማለች። እኔ ጎኗ ሽንኩርትና ድንች ስለምሸጥ የሷ ነገር አያመልጠኝም። ያመለጠኝን ደግሞ ሰው ይነግረኛል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሆዷ ተከፈተ። ከሆስፒታል ስትወጣ የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ሒሩት ተረከቧት። እትዬ ሒሩት በዕድሜያቸው አስር ሴት አርሰዋል፤ ለሳቸው አልጋ ላይ ያለች ሴት ሁሉ አራስ ናት። በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ። ሆዷ በመቀነት ጥፍር ተደርጎ ታሰረ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት። ጠዋት ገንፎ፣ ማታ አጥሚት። አርባ ቀን ሙሉ ከአልጋ ንቅንቅ የለም፣ ፀሐይ ካየች ምች ይመታታል። አፋቸውን እንዲህ ሞጥሞጥ አድርገው፣ "ቁስል እረፍት ነው የሚፈልገው፣ ዝም ብለሽ ተኚ" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ፍቅርአዲስም ተመችቷት ነበር። እኔም ገንፎው ስለሚደርሰኝ አልተቃወምኩም።

ዘንድሮ ታዲያ ሆዷ ተነፍቶ ከበሮ አከለ። አረንጓዴ ነገር ያስመልሳት ጀመር፣ ከታች ደግሞ ምንም የለም። ሆስፒታል ሲወስዷት ዶክተር ተክለብርሃን ድጋሚ ከፈታት።

ዶክተሩ ሲያወራ የቀበሌ ደብዳቤ የሚያነብ ነው የሚመስለው። "ወይዘሮ ፍቅርአዲስ። ጠባሳ ውጪ ብቻ አይወጣም። ውስጥም ይወጣል። አንጀትዎ እርስ በርሱ ተጣብቆ መተላለፊያው ተዘግቶ ነበር። አላቀቅነዋል።"

"ታዲያ እንዳይጣበቅ አታረጉም?" አለች። ዋርዱ በሙሉ ነቃ።

"የምንችለውን አድርገናል። በቀስታ ነው የነካነው፣ ደሙን አጥበን አውጥተናል። ሌላ አገር አንጀቱ መሃል የሚዘረጉት፣ በኋላ በራሱ የሚሟሟ ስስ ነገር አለ፣ እኛ ጋ አልተገኘም። ዳግመኛ ከተዘጋ ግን የተጎዳውን አንጀት ቆርጠን ልናወጣ እንችላለን።"

"ያኔ አርባ ቀን መተኛቴ ነው ያጣበቀኝ?"

"ነው ማለት አልችልም። ከፈነዳው አንጀት የፈሰሰው መግል ብቻውን ለማጣበቅ ይበቃል።"

"እሺ አሁን ምን ላርግ?"

"ይነሱ፣ ይራመዱ። መራመድ አይጣበቅም ብሎ አይፈርምልዎትም፣ ማንም አይፈርምልዎትም። ግን የተኛ ሰው አንጀቱም አብሮ ይተኛል፣ እግሩም ላይ ደም ይረጋል። ከባድ ነገር አያንሱ። ሆድዎ ከተነፋ፣ ካስመለሰዎት፣ ከታች አየር መውጣቱን ካቆመ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።"

ይሄን ሁሉ ያለው በአንድ ትንፋሽ ነው። እሷ ግን ቆርጠን ልናወጣ እንችላለን የሚለውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። በማግስቱ ጠዋት ትራሷን ሆዷ ላይ አቅፋ፣ የግሉኮሱን ብረት እየገፋች ኮሪደሩ ላይ ተገኘች። "እናቴ፣ ቀስ በይ፣ ሩጫ አይደለም እኮ" ስትላት ነበር ነርሷ ሲስተር ሀሴት።

ቤት ስትገባ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ገንፎው እየጨሰ ነው፣ መቀነቱም ተዘርግቷል።

"ነይ ጋደም በይ" አሉ እትዬ ሒሩት።

"አልተኛም።"

"ምች ይመታሻል።"

"ምች ሲመታኝ ዳማከሴ አለ። አንጀቴ ሲቆረጥ ምን አለ?"

"እኔ ነኝ እንዴ ያጣበቅኩሽ? እንዲህ ነው የምታስወሪብኝ?" ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ፣ በአጋጣሚ።

"እርስዎ አይደሉም እትዬ። ግን እርስዎ አያላቅቁኝም።"

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መንገድ ላይ ናት። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ። ሰፈሩን ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዷ፣ "ስፌቷ ቢፈታ መንገድ ላይ ነው የሚዘረገፈው" ትላለች። ሌላዋ፣ "ቆንጆ ነኝ ብላ ነው" ትላለች፣ በአርባ ስድስት ዓመቷ። ባሏ እህቱንም ሚስቱንም ስለሚፈራ ሥራ በዛብኝ ብሎ መገናኛ ያመሻል።

በአስራ ሁለተኛው ቀን እትዬ ሒሩት ሽማግሌ ጠሩ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ሳይሆን ሴትዮ ሊያስተኛ የመጣ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወልደሰንበት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጡረተኛው ጋሽ ዲንሳ ከዘራቸውን ይዘው፣ እትዬ ሒሩት ከኋላ።

ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ሸራ ጫማዋን አጥልቃ ጠበቀቻቸው። "እንደምን አደራችሁ። ሰዓቴ ነው፣ እየሄድን እናውራ።"

"ልጄ፣ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ነው የሚነጋገረው" አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

"እኔ ቁጭ ብዬ አልቆይም ጋሼ። ከፈለጋችሁ ተከተሉኝ።"

ተከተሏት። እኔም ሽንኩርቴን በጆንያ ሸፍኜ ተከተልኩ። ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ እሷ ከፊት ቀስ እያለች፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ እያለከለኩ። ጋሽ ወልደሰንበት፣ "ሰው... ሲታመም... ዘመድ..." ይሉና ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ምክሩ ዳገቱ ላይ ተበታተነ።

ባህር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ ፍቅርአዲስ ቆመች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች። ላብ ግንባሯ ላይ ፈሰሰ።

"አላልኩም?" አሉ እትዬ ሒሩት። "አላልኩም? ታክሲ ጥሩ።"

ፍቅርአዲስ ዓይኗን ጨፍናለች። በኋላ እንደነገረችኝ የዶክተሩ ቢላዋ ታይቷት ነበር። ከዚያ ፍቅርአዲስ፣ ሁለት ሽማግሌና የባሏ እህት በተሰለፉበት፣ ፈሷን ለቀቀችው። እንደ ድምፅዋ ነው፣ መቀነስ አያውቅም።

እትዬ ሒሩት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ጋሽ ወልደሰንበት ዛፍ መቁጠር ጀመሩ።

ፍቅርአዲስ ቀና አለች። ፊቷ በርቷል። "ጋሼ፣ ሰሙ?"

"ምኑን?"

"ሰምተዋል። አንጀቴ ክፍት ነው ማለት ነው። አረንጓዴ እያስመለሰኝ ሦስት ቀን ይቺን ስለምናት ነበር፣ እናንተ እዛ አልነበራችሁም። አላፍርባትም። የሚያፍር ካለ ቁልቁለቱ ያውና።"

ጋሽ ዲንሳ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። "ወልደሰንበት፣ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?"

"ነገ ብትሞቺ በእኔ እንዳታሳብቢ" አሉ እትዬ ሒሩት ከነጠላቸው ስር።

"ከሞትኩም ቆሜ ነው እትዬ። ዶክተሩ ዋስ አልሆነኝም፣ እርስዎም ዋስ አይሆኑኝም። እግሬ ግን የራሴ ነው።"

ጋሽ ዲንሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እስከ ስንት ቀን ነው ታዲያ እንዲህ የምትሄጂው?" አሏት።

"ሊያስተኛኝ የሚመጣው ሰው እስኪደክመው" አለችና ዳገቱን ተያያዘችው።