የጀርመናዊቷ ባል

ሮም ውስጥ ልጅ ሳለሁ እናቴን የማገኛት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ መነኮሳት ዘንድ በአዳሪነት እማራለሁ፣ እሷ አንዲት ሲኞራ ቤት እያደረች ትሠራለች፤ ያኔ የቤት ሠራተኛ የምታርፈው ሐሙስ ከሰዓት ስለነበር ተያይዘን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወዳለው የእትዬ አስካለ ክፍል እንሄዳለን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ስቱፋ የምንለው የነጭ ጋዝ ማሞቂያዋም እየጨሰ ዓይን ያቃጥላል። ቢሆንም እናቶቻችን በአማርኛ የሚስቁበት ሌላ ቤት አላውቅም ነበር።

ተረት ነጋሪያችን ጀርመን አገር የተማሩት ካህን አባ ተክሌ ነበሩ። በዚያ የብርድ ወራት ያወሩልን ግን የጅብና የጦጣ ተረት አልነበረም፤ ወፍራም የጀርመንኛ ልብ ወለድ ከፍተው፣ በመብራቱ ሥር አጎንብሰው፣ እያነበቡ ወደ አማርኛ ይመልሱልን ነበር። ባለታሪኳ ሄልጋ የምትባል ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ዘምቶ ቀርቷል። ከላይ ቦምብ ይወርዳል፣ ከታች ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠቁማል፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ የድንች ልጣጭ ቀቅላ ልጆቿን ታበላለች። የባሏን ካፖርት ግን በዳቦ አልለውጥም ብላ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።

«አሎራ፣ እንግዲህ ይቺ ሴትዮ የኛ ቀበሌ ነው የምትኖረው» ትላለች እትዬ አስካለ። ይሳቃል።

እናቴ አትስቅም። አባቴ አዲስ አበባ ከታሰረ ጀምሮ ወሬው ጠፍቶባታል። በየሐሙሱ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«አባ፣ ባሏስ ይመጣል?»

«ገና ነው ልጄ፤ እዚያ አልደረስንም» ይሏታል መነጽራቸውን እየጠረጉ።

አንድ ሐሙስ ስንገባ ክፍሉ ሞልቶ ጠበቀን። ሥራ አለብኝ እያሉ የሚቀሩት ሁሉ መጥተዋል። አባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ፤ የሄልጋ ባል በምርኮ ሳለ መሞቱን፣ እሷም ካፖርቱን አውርዳ፣ አቅፋው መቀመጧን ነገሩን። ገና ሳይጨርሱ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ አስካለማ ነጠላዋን አስቀድማ አዘቅዝቃለች።

እናቴ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«ለጀርመን ሰው ነው እንዲህ የምታለቅሱት?» አለች። «ንገሩኝ እንግዲህ።»

አባ መጽሐፉን ዘጉት። «በርቺ ልጄ» አሏት።

የአባቴን መሞት ሁሉም ካወቁት ሰንብተዋል። ሰው ቤት ለምታድር ሴት መርዶ እንዴት ይነገራል? የት ሆና ታለቅሳለች? ሐሙስን መጠበቅ፣ ልቧንም ቀስ በቀስ ማለማመድ ነበረባቸው። እናቴ እስኪመሽ ጮኸች፤ ጋዝ የሚጨምር ጠፍቶ ስቱፋው ከሰመ። እኔ ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም። አባቴን የማስታውሰው በጭላንጭል ነው፤ ሄልጋን ግን በደንብ አውቃታለሁ።

ካደግሁ በኋላ ያንን ልብ ወለድ በጣልያንኛ አግኝቼ አነበብኩት። ባልየው ይመለሳል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከስቶ፣ ጥርሱ ረግፎ በሩን ያንኳኳል፤ ካፖርቱን ስታለብሰው በጣም ይሰፋዋል። አባ ተክሌ ለእናቴ ሲሉ ገድለውታል። በጣም ተናደድኩባቸው፤ ቆይቼ ደግሞ አሳዘኑኝ። ያንን ገጽ ከፊታቸው ዘርግተው ሌላ ነገር ሲያነቡ አንደበታቸው እንዴት እንዳልተሳሰረ ዛሬም ይደንቀኛል።

እናቴ አሁን አርጅታለች። መጽሐፉን እጄ ላይ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አባ ያነቡልን የነበረው ነው አልኳት። ሽፋኑን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ምስኪን፣ እሷም እንደኔ ብቻዋን ቀረች» አለች።

ይህን ሁሉ ዓመት ሐዘኗን የተጋራቻት ያቺ ጀርመናዊት ነበረች። ባሏን እንዴት ብዬ ልመልስባት?

«አዎ እማዬ፣ ቀረች» አልኳት።