ለሽያጭ የወጣ ብርድ ልብስ

ባለፈው ቅዳሜ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ በሬን አንኳኳችና «ብቻዬን ከምቆም አብረሽኝ ብትቀመጪ» አለችኝ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤቷን እያቀለለች ነው። እዚህ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ሰዎች የመኪናቸውን የኋላ ኮፈን ከፍተው ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡበት ቀን ነበር። የጡረተኛ ቅዳሜ ረጅም ነው፤ ሹራቤን ደርቤ ወረድኩ። ስኒውንና መጽሐፉን ደርድረን ስንጨርስ ከካርቶን ውስጥ የታጠፈ ብርድ ልብስ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ጫፉን ጨብጬ ቀረሁ። ምን ሆንሽ ስትለኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ከስኒው ጎን አስቀመጥኩት፤ ታሪኩን በጀርመንኛ ለማንም ተርኬ አላውቅም። በአማርኛም ቢሆን ለብዙ ሰው ነግሬው አላውቅም።

ነገሩ ሲደርስብኝ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ዲፕሎማት ቤት እሠራ ነበር። አገራቸውን አልጠራም፤ ምን ይጠቅማል። ልጃቸው ሊና ገና ዳዴ ሳትል ነው እኔ እጅ ላይ የወደቀችው። አፏን የፈታችው በአማርኛ ነበር፤ «ውሃ»፣ «ነይ»፣ «እንቢ»። እናቷ በዚህ በንዴት ስታብድ አያታለሁ። ከዚያ ቤት ውጭ የማውቀው ሰው አልነበረም። ፈረንሳይኛዬም ከዳቦ ቤቱ አያልፍም፤ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ነበር የምንግባባው። በዕረፍት ቀኔ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ዳክዬዎቹን አይና ሰዓቴ ሳይደርስ እመለሳለሁ። ሰው እንዴት በገዛ ዕረፍቱ ቀን ሥራው ይናፍቀዋል? እኔን ይናፍቀኝ ነበር።

አንድ ኅዳር ላይ አባትየው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ማዳም፣ የሊና እናት፣ ይህን ስትነግረኝ ትከሻዬን ይዛ «ሊና ያለ አንቺ አታድርም፤ አብረሽን ነሽ» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ለእናቴ ሌላ አገር ልሄድ ነው ብዬ ጻፍኩላት። ክፍሌ ውስጥ የነበረውን ብርድ ልብስ፣ የራስጌ መብራቱን፣ ትንሿን ምንጣፍ በአንድ ካርቶን አሽጌ፣ ስሜን በአማርኛ ጽፌበት፣ በመርከብ ከሚጫነው ዕቃ ጎን አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ማዳም የማይጫነውን ዕቃ ወስጄ እንድሸጥና ገንዘቡንም ለራሴ እንድይዘው ነገረችኝ። ቸርነቷ አስገረመኝ። የቤቱ ሾፌር ማኑኤል፣ ትሑቱ ፖርቱጋላዊ፣ ካርቶኖቹን ጭኖ «ለዛቫንሼ» ወደሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር ወሰደኝ። እዚያ ከትልቁ የገበያ ማዕከል ጀርባ መኪኖች ተደርድረው፣ ኮፈናቸው ተከፍቶ፣ የቤት ዕቃው አስፋልት ላይ ፈሶ ነበር።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቁራሌው ነው። እየጮኸ ይመጣል፤ እናቶች በር ላይ ወጥተው ይከራከሩታል፤ ድስቱ ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ ያያል፣ የማን ሰርግ ላይ ወጥ እንደተሠራበትም ያስታውሳል። እዚህ ግን የሰው ኑሮ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ማንም የማንን ታሪክ ሳያውቅ፣ ሲነሣና ሲጣል ይውላል። ያን ቀን ደግሞ ቢዝ የሚሉት ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ከጎናችን አንድ ሰውዬ ማሮን የሚሉትን ፍሬ በትልቅ ብረት ምጣድ ይጠብስ ነበር። ጾመ ነቢያት ስለነበር ቋሊማውን አልፌ ያንን ገዛሁ፤ ከውጭ ጥቁር፣ ከውስጥ እንደ ስኳር ድንች የሚጣፍጥ። ጣቴን እያሞቅሁ በላሁት።

መጀመሪያ የተሸጠው የሊና መመገቢያ ወንበር ነው። አንዲት እርጉዝ ሴት አገላብጣ አየችውና ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አግኝታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አዲስ አገር ላይ ለሊና ትልቅ ወንበር እንደምንገዛላት እያሰብኩ ነበር።

ቀትር ላይ የመጨረሻውን ካርቶን ስጎትት የገዛ ስሜን አየሁ።

«ማኑኤል፣ ይሄ ተሳስቶ ነው የመጣው» አልኩት። «የእኔ ነው። ከሚጫነው ጋር ነበር።»

ማኑኤል እጁን ኪሱ ከተተ። ጫማውን አየ፣ ሰማዩን አየ። «ስህተት አይደለም» አለ። «ማዳም ራሷ ናት ወደዚህኛው ያዞረችው።»

«ለምን?»

«እሷን ጠይቂያት። እኔ ሾፌር ነኝ።»

ይህን እያለኝ አንድ ወጣት ብርድ ልብሱን ከካርቶኑ አውጥቶ ዋጋውን ጠየቀኝ። በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እኔ ይዘን ቆምን። «ኧረ እመቤቴ ማርያም» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ያገሬ ሰው ነሽ እንዴ?» አለኝ አንድ ድምፅ።

ቀና ስል ነጠላቸው ላይ ካፖርት የደረቡ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴትዮ ቆመዋል። እትዬ በላይነሽ ይባላሉ፤ እዚያው ለዛቫንሼ ነበር የሚኖሩት፤ እሳቸውም እንደ እኔ በሰው ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። ወጣቱ ግራ ተጋብቶ ጨርቁን ለቀቀና ሄደ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ፊትሽ አመድ የመሰለው?»

«አይወስዱኝም» አልኳቸው። ነገሩን ያመንኩት ቃሉን ከራሴ አፍ ስሰማው ነው።

«ነግረውሻል?»

«አልነገሩኝም። ዕቃዬን እዚህ አገኘሁት።»

እትዬ በላይነሽ መሬት ላይ ያለውን ሁሉ በዓይናቸው ዞሩበት። ከዚያ መሐረብ አቀበሉኝ። «አልቅሽና ጨርሺ። ስትጨርሺ ሂጂና ጠይቂያት። አፍ አውጥታ፣ ዓይንሽን እያየች ትንገርሽ። ማደሪያ አጣለሁ ብለሽ ደግሞ እንዳትፈሪ፤ ያ ቢጫው ሕንፃ ነው ቤቴ።»

ቤት ስገባ ማዳም ሳሎን ውስጥ መጋረጃ እያወረደች ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ ጠየቅኋት። «ማዳም፣ እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ወይስ አልሄድም?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እዚያ ሌላ ሴት ተቀጥራለች አለች፤ ባሌ ነው የወሰነው አለች።

«መቼ ሊነግሩኝ ነበር?»

«በመጨረሻው ቀን። እስከዚያ እንዳታዝኚ ብዬ።» ካርቶኑ ቀድሞ ይነግረኛል ብላ አላሰበችም። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለሊና እንዳትነግሪያት፤ ትረብሻለች። በአውሮፕላኑ ላይ ትረሳሻለች» አለችኝ።

ያ ነው የባሰብኝ። እኔን እንደ ወንበሩ ቢያዩኝ ይሁን፤ ልጅቷ ግን ጠዋት ተነሥታ በማታውቀው ቤት ስሜን እየጠራች ክፍል ለክፍል ልትፈልገኝ ነው። ካርቴ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእነሱ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ማስቀየም አልችልም። ግን አላስቻለኝም። በማግስቱ ገላዋን ሳጥባት ነገርኳት።

«ሊናዬ፣ አንቺ ከእማማና ከአባባ ጋር በአውሮፕላን ትሄጃለሽ። እኔ እዚህ እቀራለሁ።»

«አንቺ ነገ?»

«ነገም አልመጣም።»

ፎጣዋን እየጎተተች ወደ በሩ ሮጠች፤ ጫማዬን በሁለት እጇ ታቅፋ ተመለሰችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው። «አድርጊ» አለችኝ።

የሄዱ ዕለት ሊና አለቀሰች፤ መኪናው ውስጥ «ነይ» እያለች። ማዳም ከመኪናው መስታወት ጀርባ ሆና የወቀሳ ዓይን ጣለችብኝ። እኔ ግን ወቀሳውን አልተቀበልኩትም። ማኑኤል መሪውን ይዞ ቀና ብሎ ወደ እኔ አላየም። ባዶው አፓርታማ ውስጥ ድምፄ ያስተጋባ ነበር፤ ቁልፉን ለኮንሲየርዡ፣ ለሕንፃው ጠባቂ፣ ሰጥቼ በትራም ወጣሁ።

እትዬ በላይነሽ ሶፋቸው ላይ ብዙ አስተኙኝ። በሬዲዮ የማልሰማው ፈረንሳይኛ ሲንቆረቆር፣ መስኮቱ ላይ በረዶ ሲከመር፣ እሳቸው ሥራ ውለው እስኪመጡ ቃል ሳልተነፍስ የዋልኩባቸው ቀናት ነበሩ። ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ሌላ ቤት ተገኘልኝ፤ ልጅ የሌለበት ቤት ይሁን ብዬ ነበር የለመንኩት። በኋላ አግብቼ ወደ ዙሪክ መጣሁ፤ ወለድኩ፤ ባሌም ሞተ። ሊና ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። አንዲት የአማርኛ ቃል እንኳ እንደማታስታውስ አውቃለሁ፤ የሕፃን ነገር ነው።

በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው ይመረጣል፤ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ ይዘጋጃል። በውጭ አገር ኖሬ ያጣሁት ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ መጥቶ የሚነግር ሰው።

ትናንት እሑድ ልጄ ሳይደውል መጣ። ጄኔቭ ነው የሚሠራው፤ ባቡር ተሳፍሮ ነው የደረሰው። ጃኬቱን እንደለበሰ ቆሞ «ማማ፣ ሥራ ሌላ አገር አገኘሁ። ሩቅ ነው። በቴሌፎን መናገር አልወደድኩም» አለኝ። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ያን ያህል አጥርቶ ሲናገር ግን ሰምቼው አላውቅም። እጄን ይዞ እስክናገር ጠበቀኝ። ምስር ወጥ አሞቅሁለት፤ በላ። እስከ ባቡሩ ሸኘሁት።

ተመልሼ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የማለቅስበትን ነገር ግን፣ በዚህ ጊዜ፣ መጥቶ እጄን ይዞ የነገረኝ ሰው ነበረ።