የሚስቴ አባት ያጎረሱኝ ዓሣ

ሽማግሌ ከመላኬ በፊት የዛሬዋ ሚስቴ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባቴ ወሬኛ አይወዱም» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥሬ ከደሴ ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ለምሳ ስንወርድ ሌላ ወንበር ለምኖ ተቀይሯል።

አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። ጣና ላይ ባለችው ደቅ ደሴት ተወልደው እዚያው ያስተምራሉ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ለጉዳይ ወደ ከተማ የመጡ ጊዜ «እስቲ ልጁን ልየው» አሉና፣ ሦስታችን ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ፓርክ ጉማሬ ልናይ ሄድን። ፈቃዳቸውን ካላገኘሁ ልጅቷን እንደማላገኛት አውቄዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

እኔ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። ጉማሬ ምን እንደሚበላ፣ ውኃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ታንኳ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አስረዳኋቸው። ታንኳ ላይ ላደጉ ሰው! የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው «እህ» ይላሉ። ልጃቸው ከኋላ ኮቴን ትጎትታለች። እኔ «እህ» ማለታቸው ቀጥል ማለት መስሎኝ ከጉማሬው ወደ ወፎቹ ተሻገርኩ።

ቀኑ ፍስክ ስለነበር ለምሳ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጥንና ዓሣ አዘዝን። ቆሮሶ የሚሉት የጣና ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ከነጭንቅላቱ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር ቀረበ። ከዚያ በፊት የማውቀው አጥንቱ የወጣለት ጉላሽ ብቻ ነው። ቢሆንም ስለ ዓሣ አበላል ማብራሪያ ጀመርኩ። ይኼኔ የኔታ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «እንካ፣ ልጄ» አሉ። እንዴት እምቢ ይባላል?

ጉርሻው ውስጥ የነበረ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እፊታቸው መትፋት ነውር ነው። ባዶ እንጀራ ጠቅልዬ ዋጥኩ፤ አልወረደም። ሎሚ መጠጥኩ፤ ባሰበት። ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ ሐይቁን እያየሁ ዝም አልኩ።

ያን ጊዜ የኔታ ማውራት ጀመሩ። ስለ ተማሪነታቸው፣ ስለ ለመኗት ቁራሽ እንጀራ፣ ስላባረራቸው ውሻ አጫወቱኝ። «እኔም የሚስቴ አባት ፊት ቀርቤ፣ ከሀፍረት የተነሣ ምሳየን ሳልበላ ሄድሁ» አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ። «ልጄን ትጠብቅልኛለህ?» አሉ። ነቀነቅኩ። ከልቤ ነው የነቀነቅኩት፤ አንዷ እንባ ወረደች።

የኔታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጧት ፈርቸ ነበር። ለካ ዝም ማለትም ያውቃል። ሽማግሌ ይላክ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ግን ላመሰግናቸው አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሱንም ወደዱልኝ።

አጥንቱን ጤና ጣቢያ በወረንጦ አወጡልኝ። ለሚስቴ አሳየኋትና «ይህን የሚያህል አጥንት እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» አልኳት።

እሷ ሳቀች። «ስምንታችንንም ዓሣ እያጎረሱ ነው ያሳደጉን» አለች። «አንድም ቀን አጥንት አልፏቸው አያውቅም።»

ዛሬም ሊጠይቁን ሲመጡ ቆሮሶ ይጠበሳል። ወሬዬ ረዘም ሲል የኔታ አይቆጡኝም። ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ዓሣው ይሰዳሉ።